የጆሮ ቀፎ ከምን ይሠራ?

በልኩ የተቀረጸ የጆሮ ማዳመጫ በራሱ እጅ ለመሥራት የተነሳ ሰው ልቡ ያለው ብዙውን ጊዜ ድራይቨሩ ላይ ነው። ስንት ይሁን፣ የማን ሥሪት ይሁን፣ ባሱን የሚሸከመው የትኛው ነው እያለ ሳምንታት ሲያወጣና ሲያወርድ ይከርማል። እነዚያን ጥቃቅን ድምፅ ማውጫዎች ይዞ ጆሮ ውስጥ የሚቀመጠው ቀፎ ግን መጨረሻ ላይ ይታሰባል፤ «ጠንካራ ይሁን ለስላሳ?» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ሥራው ሁሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም በቀፎው ነው ባይ ነኝ። ድራይቨር ቢበላሽ ይቀየራል፤ ከቀፎ የመጣ የቆዳ አለርጂ ግን ከሰው ጋር ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ እዚህ የማነሳቸውን ቁሳቁሶች ሁሉ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ቤት ውስጥ፣ እጃችን ላይ ባለው መሣሪያ፣ እስከ ውስጡ ድረስ ይበስላል ወይ?

መብሰል የምለው ፈሳሹ ወደ ጠጣር ሲለወጥ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው የሚያልቁበትን ሂደት ነው። ሳይያያዝ የቀረው ትርፍ ፈሳሽ ውስጥ ለውስጥ ተደብቆ ይቆይና ቀስ በቀስ ወደ ቆዳ ይወጣል። ከላይ ቅርፊቱ ቀልቶ ከውስጥ ሊጥ የሆነ ዳቦ እንዳለ ሁሉ፣ ሲነኩት ድንጋይ የመሰለ ከውስጥ ግን ያልበሰለ ቀፎም አለ።

ስለ ድምፅ የማምነውን አስቀድሜ ልናገር። አክሪሊክ ጥርት ያለ፣ ሲሊኮን ሞቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል ሲባል ይሰማል። የቁሳቁሱ ድርሻ ባዶ ነው አልልም፤ ነገር ግን ሰዎች በቁሳቁሱ የሚያመካኙት ልዩነት በአመዛኙ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ድምፅ ከድራይቨሩ እስከ ቀፎው ጫፍ የሚሄድበት ቱቦ ጥቂት ሚሊሜትር ቢረዝም ወይም ቢጠብ ከፍተኛው የድምፅ ክልል ይናወጣል። በቀፎውና በቆዳው መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ ባሱ በዚያው ያመልጣል። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ 25 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱ ወደ 7 ሚሊሜትር ነው። የውጨኛው ሲሶ በለስላሳ አጥንት የተከበበ በመሆኑ መንጋጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቅርጹን ይለውጣል። የውስጠኛው ክፍል አጥንት ነው፤ በላዩ ያለው ቆዳም በጣም ስስ ነው። ድምፃዊ አፉን ከፍቶ የሚውል ሰው ስለሆነ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ጥብቅ አድርጎ የዘጋለት ቀፎ መድረክ ላይ ሊከፈትበት ይችላል። ሲከፈት ባሱ ይጠፋል፤ ባሱ ሲጠፋ ድምፁን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው መጠን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ደግሞ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ የቀፎ መግጠም ከሙዚቃ ጥራት ያልፍና የመስማት ጉዳይ ይሆናል።

ዕቃው ከየት እንደመጣ ማወቅ ለምርጫው ይረዳል። የቫን ሄለን ባንድ የድምፅ ባለሙያ የነበረው ጄሪ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1995 ለከበሮ መቺው ለአሌክስ ቫን ሄለን የሠራው ማዳመጫ አልቲሜት ኢርስ የተባለውን ኩባንያ ወለደ፤ ዛሬ በየመድረኩ የምናየውም የዚያ ዘር ነው። ድራይቨሮቹም ሆኑ ቀፎው የተወረሱት ግን ከመስሚያ መርጃ መሣሪያ ሠሪዎች ነው። እነሱ ደግሞ አክሪሊኩን የሚጋሩት ከሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪዎች ጋር ነው። የሙዚቃው ዓለም አዲስ ቁሳቁስ አልፈጠረም፤ ሰው አካል ላይ ተፈትኖ የቆየውን ተዋሰ። በቤቱ የሚሠራ ሰውም ይህን መንገድ ቢከተል ይበጀዋል።

ልክ ስለመውሰድ አጭር ቃል ብቻ ልበል። ልኩ የሚወሰደው ወደ ቦዩ ጥልቅ ክፍል መከላከያ ስፖንጅ ወይም ጥጥ ገብቶ፣ ከዚያ ለስላሳ ሲሊኮን ተሞልቶ ነው። መከላከያው በትክክል ካልተቀመጠ ሲሊኮኑ የጆሮ ታምቡር ድረስ ይደርሳል፤ አውጥቶ ለማዳንም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን የመስማት ባለሙያ ይሥራው፤ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ለባለሙያው መንገር ያለብን አንድ ነገር፣ ልኩ አፍ ተከፍቶ በጥርስ መካከል መደገፊያ ተነክሶ እንዲወሰድ ነው። በተለይ ለጠንካራ ቀፎ ይህ ወሳኝ ነው።

አሁን ወደ ቁሳቁሶቹ። በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚበስለው አክሪሊክ ከሁሉ የተለመደው ነው፤ ተገቢም ነው። ለዚሁ ሥራ ተብለው የሚመረቱ ሬዚኖች አሉ፤ የጀርመኑ ድሬቬ የሚያመርተው ፎቶፕላስት በመስሚያ መርጃ ቤተ ሙከራዎች የታወቀ ነው። አሠራሩ ሲያዩት ያስደስታል። የጆሮው ልክ በሰም ይለሰልሳል፤ ከዚያ ብርሃን በሚያሳልፍ ጄል ወይም ጥርት ባለ ሲሊኮን ተከቦ የቅርጽ ማውጫ ይሆናል። ሬዚኑ ይፈስበትና ለጥቂት ሰከንድ ብርሃን ይበራበታል። ብርሃኑ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ግድግዳው ብቻ ይጠነክራል፤ መሃሉ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። ያን ገልብጦ ማፍሰስ ነው። የቀረው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ግድግዳ ያለው ባዶ ቀፎ ለድራይቨር፣ ለሽቦና ለቱቦ ቦታ ይሰጣል። ሲሰነጠቅ በዚያው ሬዚን ይጠገናል፤ ሲጠብ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፤ ሲሰፋ በሬዚን ይደረባል። ጀማሪ በሚሳሳትበት ሥራ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ችግሩ ኦክስጅን ነው። አየር የሚነካው የሬዚን ገጽ አይበስልም፤ ኦክስጅን የመያያዙን ሂደት ይቆርጠዋልና ስስ የሚያጣብቅ ንብርብር ይቀራል። ፈሳሹ ከተገለበጠ በኋላ የቀፎው ውስጠኛ ግድግዳ እንዲህ ነው፤ በሬዚን ተቀብቶ እንደገና ብርሃን የሚበራበት የውጭ ገጽም እንዲሁ። ብዙ ሰው ይህን በአልኮል ጠርጎ ያልፈዋል። መጥረግ ግን የሚያነሳው ላይኛውን ብቻ ነው፤ አልኮል ደግሞ አክሪሊክን በጥቃቅን ስንጥቅ ያበላሻል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ቀፎውን ከፋርማሲ በሚገዛ ግሊሰሪን ውስጥ ነክሮ፣ ግሊሰሪኑ ውስጥ እንዳለ ብርሃን ማብራት። አየር ሲከለከል ገጹ ይበስላል።

ሁለተኛው ጉዳይ መብራቱ ነው። ለጄል ጥፍር በውበት ሳሎኖች የምናየው መብራት ለብዙ ሰው የመጀመሪያ መሣሪያ ነው፤ ሊሠራም ይችላል። ነገር ግን ሬዚኑ ውስጥ ያለው አስነሺ ኬሚካል የሚቀሰቀስበት የብርሃን ሞገድና መብራቱ የሚያወጣው ሞገድ መግጠም አለባቸው። ብዙዎቹ የጥፍር መብራቶች 365 እና 405 ናኖሜትር አካባቢ ያወጣሉ፤ ኃይላቸው ከቤተ ሙከራ መብራት ያነሰ ስለሆነ ጊዜው መርዘም አለበት፤ ቀፎውም በየአቅጣጫው መገላበጥ አለበት። ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም የተደባለቀበት ሬዚን ብርሃን ይከለክላል። ጀማሪ ጥርት ያለውን ይምረጥ፤ ከልቤ የምመክረው ነው። ጥርት ባለ ቀፎ ውስጥ አረፋም፣ ያልበሰለ ጭጋግም፣ የተጣመመ ቱቦም በዓይን ይታያል።

የጥፍር ጄሉን ራሱን ለቀፎ መጠቀም ግን የተለየ ነገር ነው፤ አይሁን። ለስስ ንብርብር የተቀመመ ነው። ጥፍር የሞተ አካል ነው፤ የጆሮ ቦይ ቆዳ ሕያውና ስስ ነው። የአክሪሌት ቤተሰብ አለርጂ ቀላል ጉዳይ አለመሆኑን የቆዳ ሐኪሞች ደጋግመው ተናግረዋል። የአሜሪካ የንክኪ የቆዳ መቆጣት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 አክሪሌቶችን፣ በ2020 ደግሞ አይሶቦርኒል አክሪሌትን የዓመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ ሰይሟል። የኋለኛው በስኳር መለኪያ ተለጣፊ መሣሪያዎች ተጠቃሚዎች ላይ የቆዳ መቆጣት በማምጣቱ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ቲፒኦ የተባለውን ብርሃን ቀስቃሽ ኬሚካል ከመዋቢያዎች ውስጥ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። ሰውነት አንዴ አክሪሌትን ጠላት ብሎ ከመዘገበ በኋላ ሰውየው ለጥርስ መሙያም ሆነ ለአጥንት ሲሚንቶ ሊቸገር ይችላል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ሠሪው ራሱ ከለባሹ ይበልጥ ይጋለጣል። ፈሳሹን የሚነካው እሱ ነው፤ ናይትራይል ጓንት እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፈዋልና የነካውን ጓንት ወዲያው መለወጥ ያስፈልጋል።

የጥርስ ቴክኒሻኖች የሚጠቀሙበት፣ ከዱቄትና ከፈሳሽ የሚቦካው አክሪሊክ ሌላው አማራጭ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር ሰው ከውጭ ከሚመጣ ሬዚን ይልቅ የቀረበው ይህ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ሁሉ አለና። ዱቄቱ አስቀድሞ የበሰለ አክሪሊክ ነው፤ ፈሳሹ ሜቲል ሜታክሪሌት ነው። ፈሳሹ ብቻውን ቢበስል በመጠን 21 በመቶ ይኮማተራል፤ ሦስት እጅ ዱቄት ሲቀላቀልበት ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። 7 በመቶም ቢሆን ለጆሮ ብዙ ነው፤ ቀፎው ሰፍቶ ተሠርቶ መሞረድ ይኖርበታል። በክፍል ሙቀት የሚበስለው ዓይነት በሙቀት ከሚበስለው ይልቅ ትርፍ ፈሳሽ ያስቀራል። ዓለም አቀፉ የሰው ሠራሽ ጥርስ ደረጃ ለሙቀት በሳሹ እስከ 2.2 በመቶ፣ ለራስ በሳሹ እስከ 4.5 በመቶ ትርፍ የሚፈቅደው ይህን ልዩነት አውቆ ነው። እኔ ራስ በሳሹን ለጆሮ አልመርጥም። የግድ ከሆነ የተጠናቀቀውን ቀፎ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ትርፉን ይቀንሰዋል።

ሙቀት በሳሹ ላይ ደግሞ የአገራችን ከፍታ ይገባበታል። የተለመደው የጥርስ ቤተ ሙከራ አሠራር ቅርጹን በ74 ዲግሪ ውሃ ካቆየ በኋላ በ100 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ማፍላት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሳቱን የቱንም ያህል ቢጨምሩበት ከዚያ አይዘልም። መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ ሰው ሳያውቀው ያልበሰለ ቀፎ ያወጣል። ሜቲል ሜታክሪሌትም በባሕር ጠለል የሚፈላው 101 ዲግሪ ላይ ነው፤ በከፍታ ቦታ ቀድሞ ስለሚፈላ አረፋ ሆኖ ቀፎውን ወንፊት ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱንም የሚፈታው በግፊት የሚያበስል ድስት ነው። ይህ ድስት ለወጥ ዳግመኛ እንዳይመለስ፣ ሥራውም ነፋስ በሚገባበት ቦታ እንዲሆን አደራ እላለሁ፤ የፈሳሹ ትነት በክፍል ሙቀት ይቀጣጠላል።

ሲሊኮን እንደ አክሪሊክ አይደለም፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ልቤ ወደ እሱ ያደላ ነበር። ለጆሮ የሚሆነው በፕላቲኒየም አማካይነት ከሁለት ክፍል የሚበስለው ነው። ሲበስል ከሞላ ጎደል አይኮማተርም፤ ለቆዳ ገር ነው፤ የአክሪሌት አለርጂ ላለበት ሰው ደግሞ ዋናው መውጫ በር ነው። ጥንካሬው በሾር ይለካል። የድሬቬ ባዮፖር በ25፣ 40፣ 60 እና 70 ሾር ይመጣል፤ ለመገመት ያህል የመኪና ጎማ ከ60 እስከ 70 አካባቢ ነው። 25 ለእንቅልፍ መሰኪያ ይመቻል፤ ለማዳመጫ ግን ይታጠፋል፣ የድምፁን ቱቦም ይጫነዋል። 40 እና 60 መካከለኛው መንገድ ናቸው። የመስማት ባለሙያው ማይክል ሳንቱቺ እ.ኤ.አ. በ1985 ቺካጎ ውስጥ የመሠረተው ሴንሳፎኒክስ ለስላሳ ሲሊኮንን መለያው ያደረገ ቤት ነው። ምክንያቱም መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ቀፎው አብሮ ይንቀሳቀሳልና መዝጋቱን አያቋርጥም። ለድምፃዊና ለትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ይህ ከማንኛውም የድራይቨር ብዛት ይበልጣል።

ነገር ግን ፕላቲኒየም ሲሊኮን ኩርፊያ ያውቃል። የመጀመሪያውን የሲሊኮን ጥንድ ስሠራ ሁሉን በመመሪያው መሠረት መዝኜ፣ ቀላቅዬ፣ ሞልቼ አደርኩ። በማግስቱ ውስጡ ጠንክሯል፤ ገጹ ግን እንደ ማር ያጣብቃል። ሌላ አንድ ቀን ጠበቅሁ፤ አልተለወጠም። ሁለተኛውን ሠራሁ፤ ያው። ያለቀሰውን ሲሊኮን በወረንጦ እየለቀምኩ ሳስብ ጥፋቱ እጄ ላይ እንደነበር ገባኝ። የለበስኩት የላቴክስ ጓንት ነበር። ላቴክስ ውስጥ ድኝ አለ፤ ድኝ ፕላቲኒየሙን ሥራ ያስፈታዋል። ቆርቆሮ ያለባቸው ሌሎች ሲሊኮኖች፣ አሚን፣ ድኝ ያለበት የቅርጽ ሸክላና በሚገባ ያልበሰለ የሦስት አቅጣጫ ኅትመት ሬዚንም እንዲሁ ያደርጉታል። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው፤ የቅርጽ ማውጫውን በሬዚን አትሞ በላዩ ሲሊኮን ያፈሳልና።

አረፋን በቫኪዩም ማስወጣት ላይም ከፍታው ይመጣል። መመሪያዎች መለኪያው 29 ኢንች ሜርኩሪ እስኪደርስ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ራሱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ መለኪያው ከ22 ወይም 23 ብዙም አያልፍም። ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ አይጣል። ሲሊኮኑ አብጦ፣ ከዚያ ወርዶ ሲተኛ አረፋው ወጥቷል ማለት ነው፤ ከመለኪያው ይልቅ ይህን ማየት ይሻላል።

ሲሊኮንን ለጀማሪ የማልመክርበት ምክንያት ጥገናው ነው። እንደ አክሪሊክ ገልብጦ ባዶ ማድረግ አይመችም፤ ድራይቨርና ቱቦው መሃል ላይ ተቀብረው በዙሪያቸው ይሞላል። አንድ ሽቦ ቢበጠስ ቀፎውን ቆርጦ ከመክፈት ሌላ መንገድ የለም። ሲሊኮን ከሲሊኮን በቀር ከምንም ጋር አይጣበቅም፤ በብርጭቆ ወረቀትም እንደ አክሪሊክ አይታዘዝም። ልኩ ከተሳሳተ እንደ አዲስ ይጀመራል። አካሉን ከአክሪሊክ፣ ቦዩ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ከሲሊኮን መሥራት ሁለቱን የሚያስታርቅ ይመስላል፤ መገጣጠሚያው ላይ ልዩ ማያያዣ ስለሚጠይቅ ግን የሁለተኛ ዓመት ሥራ ነው።

የመታጠቢያ ቤት ማሸጊያ ሲሊኮን በስም ብቻ ዘመድ ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አሲድ ስለሚያወጣ ነው፤ አሲዱ የሽቦውን መዳብ ይበላል። የሚበስለው ከአየር እርጥበት ስለሆነ ወፍራሙ ክፍል ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ይቆያል፤ ብዙዎቹም የሻጋታ መከላከያ መርዝ አለባቸው። ጆሮ ውስጥ አይገባም።

የሦስት አቅጣጫ ኅትመት ሥራውን ቀይሮታል። ዛሬ ቦይ ውስጥ የሚገቡ የመስሚያ መርጃ ቀፎዎች በአብዛኛው የሚታተሙ ናቸው። በ405 ናኖሜትር የሚሠራ አነስተኛ አታሚ ያለው ሰው የጆሮውን ልክ ስካን አድርጎ፣ የድምፁን ቱቦ ኮምፒዩተር ላይ ስሎ፣ ሁለቱን ቀፎ በጥቂት ሰዓታት ያገኛል። የቱቦው ርዝመት በእጅ ከሚገኘው በላይ ትክክል ይሆናል፤ ስለ ድምፅ ከላይ ካልኩት አንጻር ይህ ቀላል አይደለም። ማስጠንቀቂያው ግን ሬዚኑ ላይ ነው። ለአሻንጉሊትና ለናሙና የሚሸጠው ተራ ሬዚን ለቆዳ አልተፈተነም። «ለአካል ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ ያለበትም ቢሆን ፈተናውን ያለፈው በተወሰነ አታሚ፣ በተወሰነ አስተጣጠብና በተወሰነ የብርሃን ጊዜ ነው። ያ አሠራር ሲቀየር ማረጋገጫው አብሮ ይቀራል። አይኤስኦ 10993 የተባለው ደረጃ ቁሳቁሶችን ከሰውነት ጋር በሚነካኩበት ጊዜ ይከፍላቸዋል፤ እስከ 24 ሰዓት፣ እስከ 30 ቀን፣ ከዚያ በላይ። የሚቆጠረውም ድምሩ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት የሚለበስ ማዳመጫ በአንድ ዓመት ውስጥ 30 ቀን ይሞላል፤ ሬዚን ሲገዛ መጠየቅ ያለበት ለመጨረሻው ምድብ ተፈትኗል ወይ ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ኢፖክሲ በየሱቁ ስላለ ይፈትናል። ሁለቱ ክፍሎች ተመዝነው በትክክል ካልተገጣጠሙ ትርፉ ዝንተ ዓለም አይበስልም፤ ለጌጣጌጥ የሚሸጠውም ለጆሮ አልተፈተነም። ፖሊስተር ሬዚን ስታይሪን አለበት፤ ከቤት ይውጣ። ሱፐር ግሉ ጢሱ ነጭ ዱቄት ሆኖ በቀፎውና በድራይቨሩ ላይ ያርፋል፤ ለግድግዳ ሥራም አይሆንም። እንጨት ለውጭ ክዳን ያምራል፤ ላብና የጆሮ ኩክ በሚገባበት ቦይ ውስጥ ግን ቦታ የለውም። ቲታኒየም ግሩም ነው፤ ከአክሪሊክ አራት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ የሚሠራውም በቤት አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ምክሬ ግልጽ ነው፤ ለጆሮ ተብሎ የተመረተ፣ ጥርት ያለ፣ በብርሃን የሚበስል አክሪሊክ። ድምፃዊ ከሆነና መንጋጋው ቀፎውን እየከፈተ ካስቸገረው፣ ወይም ጥፍር ስታሠራ ጣቷ የሚያሳክካት ሴት ከሆነች፣ ሲሊኮን። አታሚ ያለው በትክክለኛው ሬዚንና በትክክለኛው አስተጣጠብ ያትም። የጥርሱ አክሪሊክ ሌላ ሲጠፋ በሙቀትና በግፊት የሚደረስበት ነው።

የትኛውም ቢመረጥ የመጀመሪያው ቀፎ ባዶውን ይሠራ። ድራይቨር የለውም፣ ሽቦ የለውም፣ ቀፎ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት፣ ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት እያለ በአንድ ጆሮ ይለበስ፤ እየበሉበት፣ እየዘፈኑበት፣ እያዛጉበት። የአክሪሌት አለርጂ ዘግይቶ የሚመጣ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ይጠበቅ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ቀፎው ይውጣ፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ይኬድ። የሚጫነው ቦታ ካለ በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ይታወቃልና በዚያው ይሞረድ። ድራይቨሮቹ እስከዚያ ድረስ ከሳጥናቸው አይውጡ።